ምንጣፉን ስትሰጡኝ ለምን እንደፈራሁ

የተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ አቶ ፋራህ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለዚህ ዝግጅት የለፋችሁትን በሙሉ አመሰግናለሁ። ፍየሉን ያሰናዳችሁ፣ ሄል የበዛበትን ሻይ ያፈላችሁ፣ ወንበር ከትምህርት ቤት ድረስ የተሸከማችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ለአንድ ሽማግሌ ይህ ሁሉ ሰው ይሰበሰባል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ለፍየሉ የመጣችሁም አላችሁ፤ እናንተንም አመሰግናለሁ።

ስጦታውንም አመሰግናለሁ። ጡረታ ለሚወጣ ሰው የሚሰጠው ወይ ጋቢ ነው ወይ የግድግዳ ሰዓት። ሥራ የሌለው ሰው በሰዓት ምን ያደርጋል? እናንተ ግን የሕፃናት ክፍላችንን ሰማያዊ ምንጣፍ ጠቅልላችሁ፣ በቀይ ጥብጣብ አስራችሁ አመጣችሁልኝ። አጨበጨባችሁ። አቶ ፋራህ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ እንደ ሁላችሁም በሶማሊኛ አጎት እያሉኝ፣ «አዴር ደሬሳ፣ ደነገጥክ እኮ፤ በደስታ ነው?» አሉኝ። በደስታ ነው አልኳቸው።

በደስታ አይደለም። ፈርቼ ነው። አሁንም እንደፈራሁ ነኝ። ይህን ማይክ በሁለት እጄ የያዝኩት ለዚያ ነው።

ለምን እንደፈራሁ እነግራችኋለሁ። ግን ትንሽ ዞር ብዬ ነው የምመጣው፤ ታገሡኝ።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። አውቶቡሱ ካራማራን ሲወጣ አጠገቤ የተቀመጡ ነጋዴ፣ «ሥራህ ምንድን ነው?» አሉኝ። የደከመ ጡንቻ ማጠንከር ነው አልኳቸው። «ወታደር ልታሠለጥን ነው?» አሉኝ። አይ፣ ሕፃናትን ነው አልኳቸው። ሰውዬው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ጅጅጋ እስክንገባ አላናገሩኝም።

እናቶቹም ከእሳቸው ብዙም አልተሻሉም። አንዷ ልጇን አቅፋ ትመጣለች።

«መርፌ አለህ?»

«የለኝም።»

«ክኒንስ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምን አለህ?»

«ጆግ።»

እውነቴን ነው፤ ቀይ የፕላስቲክ ጆግ ነበረኝ። ዘንድሮ የተቀጠራችሁ ወጣቶች ስላላችሁ ልድገመው። ሕፃን ጉልበት የሚያገኘው ከጨዋታ ነው። በሆዱ አስተኝታችሁ ጆጉን ፊቱ ስታኖሩለት፣ ለማየት ሲል አንገቱን ያነሣል። ትንሽ ራቅ ስታደርጉበት ለመያዝ ሲል ክንዱ ላይ ይደገፋል። ባዶ ጀሪካን ውስጥ እፍኝ በቆሎ ጨምራችሁ ስታንከባልሉ፣ ድምፁን ለመከተል ሲል ይገለበጣል። እናቱ ሽንኩርት ስትልጥ በጉልበቶቿ መሃል ይቀመጥ፣ የሻሿን ጫፍ ይዞ ይጎትት፤ ወገቡና ትከሻው የሚጠነክረው እዚያ ነው። ይሄው ነው ሙያዬ። ለዚህ ነው መንግሥት ደመወዝ ሲከፍለኝ የኖረው።

በክትባት ቀን እናቶች ተራ ሲጠብቁ ሕፃናቱን ምንጣፉ ላይ ማውረድ የጀመርነው ከሲስተር ናስትሆ ጋር ነው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት እናቶች ደፈሩ፤ እየዋለ እያደረ ምንጣፉ ሞላ። እኔም የልብ ልብ ተሰማኝ።

ከዚያ ያ እንግዳ መጣ። ከአዲስ አበባ ሥልጠና ሊሰጠን ነበር፤ ደግ ሰው ነው፤ ልጅ ይወዳል። ክፍሉ በር ላይ ቆሞ የፋርቱንን ልጅ አየ። ዛሬ ካርድ ክፍል ሆና ሁላችንንም የምታዘን ፋርቱን ያኔ ልጇን ይዛ የምትመጣ እናት ነበረች። ልጁ በክንዱ ተደግፎ ደረቱን ነፍቷል። እንግዳው እጁን አጨበጨበና፣ «እንዴት ያለ ወፍራም ልጅ ነው፤ ከሁሉም እሱ ይበልጣል እኮ» አለ።

ሁሉም እናቶች የሚቀጥለውን ቃል ጠበቁ። በዚህ አገር ልጅ ካያችሁ መጀመሪያ ማሻአላህ ትላላችሁ፣ ከዚያ ደስ ያላችሁን ታወራላችሁ። ማሻአላህ ሳይል ያሞገሰ ሰው ልጁን ለዓይን አሳልፎ ሰጠው ማለት ነው። እንግዳው ግን ፈገግ አለ እንጂ አላለውም።

ፋርቱን ልጇን ብድግ አድርጋ በጋርባሳሯ ሸፈነችው፤ ትከሻዋ ላይ ጣል ባደረገችው በዚያ በሰፊው ሻርፕ። ወጣች። አንዷ ተከተለቻት፤ ሌላዋም። ምንጣፉ ባዶውን ቀረ። እንግዳው ወደ እኔ ዞሮ፣ «የምሳ ሰዓት ደረሰ እንዴ?» አለኝ።

በማግስቱ ልጁን ትኩሳት ያዘው። ወሬው ከተማውን ሞላ። ከዚያ በኋላ ለክትባት የሚመጡት እናቶች ልጆቻቸውን ከእቅፋቸው አያወርዱም፤ ምንጣፋችን ላይ ድመት መተኛት ጀመረች።

ከናስትሆ ጋር ፋርቱን ቤት ሄድን። እኔ ስለ ትኩሳት መንስኤ ረጅም ትምህርት ሰጠሁ። ዓይን ሰው አያተኩስም፤ ልጁን ካላወረድሽው ይደክማል፤ ወገቡ አይጠናም፤ ብዙ አልኩ። ፋርቱን እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ፣ «አዴር፣ አንተ ሳትፈራ ነው የምታወራው። አንድ ቀን ስትፈራ ያኔ መጥተህ ንገረኝ» አለችኝ።

ተናድጄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ናስትሆን፣ ይህን ፍርሃት እንዴት አድርገን ነው የምናስለቅቃቸው ስላት፣ «ለምን እናስለቅቃቸዋለን? ከነፍርሃታቸው ይምጡ» አለችኝ።

ደንቡን ያወጣችው እሷ ናት። ማንም ሰው ክፍሉ ውስጥ እግሩን ሳያስገባ፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ዶክተር ይሁን ሠራተኛ፣ መጀመሪያ ማሻአላህ ይላል። በሩ ላይ ዘበኛችን ኢሴ ቆመ። አንድ ጊዜ ከቢሮ የመጣ ተቆጣጣሪ፣ «መታወቂያዬ ይኸው» ሲለው፣ ኢሴ፣ «መታወቂያ አይደለም፣ ማሻአላህ» ብሎ ያስቆመውን ታስታውሳላችሁ። ሰውዬው ብሎ ነው የገባው። ድመቷ ተባረረች፤ እናቶቹ ተመለሱ፤ በመጨረሻ ፋርቱንም መጣች። ትኩሳቱ የለቀቀው ልጇ ዛሬ ከእኔ ይረዝማል። ማሻአላህ።

እንግዲህ ወደ ፍርሃቴ ልምጣ።

ከፊት የተቀመጠችውን ታውቋታላችሁ፤ ልጄ ኤፊ ናት። እዚሁ ግቢ ስትቦርቅ ነው ያደገችው። አሁን ባሏ ደወሌ ጉምሩክ ስለሚሠራ ኑሮዋ እዚያ ነው። እቅፏ ውስጥ፣ በአረንጓዴው ሻሽ የተሸፈነችው የልጅ ልጄ ቤዛ ናት። አንዳችሁም አላያችኋትም። ናስትሆ ገና ከበር፣ «እስቲ እንያት» ስትል፣ ተኝታለች ያልኳት እኔ ነኝ። አልተኛችም ነበር።

ቤዛ ያለ ጊዜዋ ነው የተወለደችው። ስትወለድ አይቻታለሁ፤ የእኔ መዳፍ ይበቃት ነበር። ከሆስፒታል ስትወጣ፣ «ተጠንቀቁላት» ተባለ፤ እናትና አባቷም ተጠነቀቁ። ከእቅፍ ወደ እቅፍ ትተላለፋለች እንጂ መሬት ነክታ አታውቅም። በስልክ፣ በሆዷ አስተኚያት፣ አጫውቻት እላለሁ። «እሺ አባዬ፣ ትንሽ ትጠንክርና» ትለኛለች ኤፊ። አሁን ስምንት ወሯ ነው። ያለ ጊዜዋ የተወለደችበትን ቀንሼ ዕድሜዋን አሰብኩት፤ ለዚያም ዕድሜ ቢሆን ልክ አልመጣልኝም። ትከሻዬ ላይ ሳደርጋት አንገቷ ይወድቃል።

ይህን ሳምንት እኔ ቤት ናቸው። ታዲያ ባለሙያው አያት ምን አደረገ? የመጀመሪያው ቀን መንገድ ደክሟታል አልኩ። በማግስቱ ወለሉ ይቀዘቅዛል አልኩ። ከዚያ አሁን ጠብታለች ታስመልሳለች፤ ከዚያ ደግሞ አሁን እንቅልፏ መጥቷል። እናቶች ሲሉኝ ስስቅባቸው የኖርኩትን ሰበብ ሁሉ አንድ በአንድ ተጠቀምኩበት፤ ሁሉም ይሠራል።

እውነቱን ልንገራችሁ? እጄን ነው የፈራሁት። ይህ እጅ ስንቱን ሕፃን ይዟል። ቤዛን ምንጣፍ ላይ አውርጄ ደረቷን ስይዘው የሚያውቀው ነገር አለ። ድካም ብቻ ከሆነ ያውቃል፤ ከድካም ያለፈ ከሆነም ያውቃል። እስካላወረድኳት ድረስ ደህና ናት። ልጅቷ በእግሯ ሳትሄድ ትቀራለች ብዬ እፈራለሁ። ይኸው፣ አልኩት። ኤፊ፣ ይቅር በይኝ የኔ ልጅ፤ ለአንቺም አልነገርኩሽም። አታልቅሺ። ወይም አልቅሺ፤ እዚህ ያለነው ሁላችን ልጅ ያለን ነን።

ነገ አብሬያቸው ወደ ደወሌ እሄዳለሁ። እዚያ ናስትሆ የለችም፤ ፋርቱን የለችም፤ የሚያይልኝ ሰው የለም። እናንተ ደግሞ ይህን ምንጣፍ አምጥታችሁ ፊቴ ላይ አስቀመጣችሁት። ሰበቤ አለቀ።

ፋርቱን፣ የት ነሽ? ተነሺልኝ እስቲ። ስትፈራ መጥተህ ንገረኝ ብለሽኝ ነበር። ፈርቻለሁ። ይኸው መጥቼ እየነገርኩሽ ነው። ያን ቀን ስለ ትኩሳቱ የነገርኩሽ ትክክል ነው፤ አንቺም ስለ እኔ የተናገርሽው ትክክል ነው።

አሁን ጥብጣቡን ፍቱልኝ። አቶ ፋራህ፣ ያን ጠረጴዛ ትንሽ ገፋ ያድርጉልኝ። ምንጣፉን እዚህ፣ መሃል ላይ። ኤፊ፣ ለናስትሆ ስጫት። አዎ፣ ስጫት። ሻሹን አንሡላት።

ከመናገራችሁ በፊት የምትሉትን ታውቃላችሁ።

አመሰግናለሁ። ኢሴም ከበር ሲል ሰማሁት።

ናስትሆ፣ በሆዷ። ደረቷ ሥር ፎጣ ጠቅልለሽ አድርጊላት። ቀስ። ጆጉን ያመጣው ማነው? አየህ ኢሴ፣ አንተ እኮ ሁሌም ታስባለህ። ፊቷ አኑሩላት። አንዳችሁም አታጨብጭቡ፤ ትደነግጣለች።

ዝም በሉልኝ አንዴ።

ናስትሆ፣ የምታዪውን ንገሪኝ። እውነቱን። እኔ ከዚህ ሆኜ ዓይኔ እንባ ሞልቶ አይታየኝም።

«አንገቷ ደካማ ነው፣ አዴር። ግራ እጇንም አልተጠቀመችበትም።»

እሺ። ሌላስ?

«ጆጉን አይታዋለች። አገጯን አንሥታ ወደቀች። አሁን ደግሞ ልታነሣ ነው።»

እሺ። ሰማችሁ? ደካማ ነው አለች። ግራ እጇ ገና የሚታይ ነገር ነው፤ በሐኪምም እናሳየዋለን። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ እንዲያውም አሁን ስም አገኘ። ግን ልጅቷ ጆጉን ፈልጋዋለች። ጆግ ከፈለገች ሥራ አለኝ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ንግግሬን ልቋጭ። በእናንተ ክፍል ምንጣፍ አይጥፋ፤ አዲስ እስኪገዛ የአቶ ፋራህን ቢሮ ምንጣፍ ውሰዱ፤ እሳቸው ደግ ናቸው። ገና ልጅ ያልወለዳችሁ፣ የምትወልዷቸው ይሩጡላችሁ። የወለዳችሁ፣ የልጅ ልጆቻችሁ በጉልበታችሁ ላይ ቆመው ጢማችሁን ይጎትቱ። ፈርታ የምትመጣ እናት በራችሁ ላይ የሚቀበላት አትጣ። እናንተም የምትፈሩበት ቀን ሲመጣ፣ እኔ ዛሬ ያገኘሁትን ዓይነት ሰው ፈጣሪ አያሳጣችሁ። ጅጅጋን ሰላም ያድርግልን። ዘመናችሁ ይባረክ።

አሁን ግን ማይኩን ተቀበሉኝ። ሁለቱም እጆቼ ያስፈልጉኛል።