ለጋዜጣው የተላከ ዱዓ

ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ አባትና የዩኒቨርሲቲ ጋዜጣ ላይ የምትሠራ ተማሪ ያወራሉ።

«አባባ፣ ለአዘጋጁ የሚላክ ደብዳቤ አጭር መሆን አለበት።»

«እሺ ልጄ።»

«የጸሐፊው ስም ይኖረዋል። ስድብም አይገባበትም።»

«አስተግፊሩላህ! ልጄ ስትወልድ ደም የሰጧትን ተማሪዎች ልሳደብ?»

«ደንቡን ነው የምነግርዎት። የላኩልን ግን ገጹ ሙሉ ዱዓ ነው።»

«ያለ ዱዓ ምን ምስጋና አለ?»

«ስለ ደሙ የሚለው መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነው እኮ!»

«እንግዲያው እሱን ቁረጡት።»

«እንዴ! ዋናው ጉዳይ እሱ አይደል?»

«ጉዳዩንማ ልጆቹ ያውቁታል። ደማቸውን ሰጥተው፣ ስማቸውን እንኳ ሳይነግሩን ሄዱ። ያልሰሙት ዱዓውን ነው።»

ተማሪዋ ብዕሯን አወጣች።

«እሺ፣ አሁን ይድገሙልኝና አሳጥሬ ልጻፈው።»

«ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ። የልጄን ነፍስ እንዳቆያችሁ፣ ረቢ የናንተን ያቆይ። ለሰው እንደደረሳችሁ ይድረስላችሁ። የወለዷችሁ በናንተ አይዘኑ።»

«አሚን!» አለ ሹፌሩ።

«አሚን!» አለ ታክሲው በሙሉ።

ሰንበቴ ደርሰን ሰው ሁሉ ሲወርድ፣ የኔ እጆች ገና ለዱዓ እንደተዘረጉ ነበሩ።