ድንጋይ ተሸክሜ የተሻገርኩት ድልድይ

በእኛ ዘመን ሰው ዝም ብሎ አይሄድም ነበር። ጻፍ መምህር፣ እንደተናገርኩት ጻፈው፣ አታሳምርልኝ። በእኛ ዘመን እግር የሚነሳው ለገበያ ነው፣ ለልቅሶ ነው፣ ለሰርግ ነው፣ ለወፍጮ ነው፣ ካልሆነም ለክስ ነው። አንድ ሰው ሜዳ ለሜዳ ሲዞር ከታየ "ምነው፣ ከብት ጠፋበት?" ይባላል፤ ከብቱ በረት ካለ "ምነው፣ ከሚስቱ ተጣላ?" ይባላል፤ ሚስትም ከሌለችው እጁን ይዘው ጸበል ይወስዱታል። አሁን ታዲያ ሰለጠንን። አሁን ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ በመኪና ይመጣና መኪናውን አቁሞ በእግሩ ይሄዳል። ወዴት? ወዴትም! ሃይኪንግ ነው ይሉታል።

አምና መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ደጄ ቁጭ ብዬ ቀንበር እጠርባለሁ፣ እና ባጃጅ መጥቶ ሦስት ልጆች አራግፎ ተመለሰ። አንዷ ሜሮን ትባላለች፣ መሪያቸው እሷ ናት። አንዱ ዮናታን የሚባል ረጅም ጎረምሳ ነው። ሦስተኛው ስሙንም አልነገረኝ፣ ስልኩን ብቻ ነው የሚያየው። ሜሮን ታዲያ በሁለት እጇ ሁለት ዱላ ይዛለች።

"ልጄ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ አንድ ዱላ ነው የያዝኩት፤ አንቺን ምን አገኘሽ?" አልኳት።

"ጉልበት እንዳይጎዳ ነው አባባ።"

"እሰይ፣ በርቺ። ከየት ነው የመጣችሁት?"

"ትናንት ዘንገናን ዞርነው። ሐይቁን ሙሉውን!"

"ከየት ተነስታችሁ የት ደረሳችሁ?"

"ከተነሳንበት ተመልሰን ደረስን።"

"እሱንማ የእኔም በሬዎች ውድማ ላይ ይደርሱበታል" አልኳቸው። ሳቁ። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ሲሰድቧቸው ይስቃሉ።

ታዲያ ያ ዝምተኛው ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና "አባባ፣ ከቤተክርስቲያኑ ወርዶ በእርስዎ ጓሮ አልፎ አሮጌው የድንጋይ ድልድይ የሚደርስ የእግር መንገድ አለ ይላል" አለኝ።

"ማነው የሚለው?"

"ካርታው። ከሰማይ የተነሳ ነው።"

ከሰማይ የተነሳ! እኔ ከቀበሌ የሰወርኩትን መንገድ ከላይ ሆኖ የሚያይ ስልክ መጣብኝ። "ካርታው ዋሽቷል" አልኩ። "እዚህ መንገድ ኖሮም አያውቅ።" እንግዲህ ሽማግሌ ሲዋሽ አይታችሁ ካላወቃችሁ ያኔ ነበር ማየት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱማ ነበረ። አባቴ ነው በደቦ ድንጋይ ያነጠፈው። ከወንዙ ማዶ ታናሽ እህቴ እታገኝ አለች፣ ታውቋታላችሁ፣ ምላሷንም ታውቁታላችሁ። ከቤቷ ትነሳና ድልድዩን ተሻግራ፣ በእኔ ጓሮ አልፋ፣ ዳገቱን ወጥታ ሚካኤልን ትስም ነበር። ስትሄድ ትሰድበኛለች፣ ስትመለስ ትሰድበኛለች፣ ደስ ይል ነበር። ታዲያ ጥርጊያው መንገድ በዳገቱ ዞሮ መጣ፣ ባጃጅ መጣ። አገሩም ዲከረንስ የሚባል የከሰል ዛፍ ተካይ ሆነ፤ ከድንች ከሰል ይሻላል ተባለ። እኔ ከማን አንሼ? ከድልድዩ ራስ እስከ ቤተክርስቲያኑ አጥር ድረስ፣ ቤቴን ብቻ አስቀርቼ፣ በመንገዱ ላይ ጭምር ተከልኩት።

ችግኙ ገና ስንዝር ሳለ መጣች። "አያ፣ የአባቴን መንገድ ምን አደረግኸው?" አለች።

"ባጃጅ አለልሽ፣ እንደ ወይዘሮ ተቀምጠሽ ዙሪ" አልኳት። ሳቅሁም።

እሷ አልሳቀችም። "ሚካኤል ይስማኝ፣ በአባቴ መንገድ ካልሆነ ቤትህን አልረግጥም" አለች። ማለች፣ ሄደች።

እኔስ? እኔማ ታላቅ ነኝ! ታላቅ ወደ ታናሽ አይሄድም፣ ይጠብቃል። ተቀምጬ ጠበቅሁ። አንድ ፋሲካ ጠበቅሁ፣ ሁለተኛውንም ጠበቅሁ። ብልህነቴን አያችሁልኝ? እህቴ ከበሯ ስትጮኽ የሚሰማኝ ቦታ ቁጭ ብዬ፣ ድምጿን እየሰማሁ፣ ዛፌ ሲያድግ አያለሁ። በፋሲካ ብቻዬን ስገድፍ እንጀራው አልወርድ ይለኝ ነበር። ይህንንም ጻፈው መምህር፣ እውነት ነው።

እና ሜሮን "እሺ አባባ፣ መንገድ ከሌለም ድልድዩን ብቻ ያሳዩን" አለችኝ። "ኑ፣ መንገድ እንደሌለ ላሳያችሁ" አልኩና ከፊት ገባሁ። እልኸኛ ሰው እንዲህ ነው፣ ራሱን ይዞ ወደ ገደሉ ይመራል። በዲከረንሱ መሀል በጎን እየሾለክን ስንወርድ ሜሮን በዚያ በዱላዋ ቅጠሉን ገለጥ ስታደርገው የአባቴ ድንጋይ። ወረድ ብላ ገለጠች፣ ሌላ ድንጋይ። "አባባ፣ ይኸው መንገዱ!" ብላ እልል አለችብኝ። ወርቅ ያገኘች ነው የምትመስለው። "እንዴ፣ ማን አስቀመጠው?" አልኩ እኔ። ምን ልበል?

ድልድዩ ጋ ደረስን። "በማን ዘመን ነው የተሠራው?" አሉኝ። ካህናቱ በንጉሥ ዘመን ነው ይላሉ፤ በየትኛው ንጉሥ ስትሏቸው ይቆጣሉ። የተለሰነው በእንቁላል ነው ስላቸው ዮናታን "በስንት እንቁላል?" አለ። "እኔ ዶሮዋ ነኝ እንዴ?" አልኩት።

ይሄኔ ከማዶ እታገኝ ድንች ስትቆፍር ቀና አለች። አየችን። እና በቋንቋችን በአውንጊ፣ ሸለቆው እስኪያስተጋባ "በሌለ መንገድ የሚመጣው ማን ነው?" ብላ ጮኸች።

"ምን አሉ እማማ?" አለች ሜሮን።

"እንኳን ደህና መጣችሁ አለች" አልኩ።

ከእንግዲህ ወዴት ልመለስ? ፊቷን አየሁት፣ አርጅታለች። ሁለት ዓመት ድምጿን ስሰማ ፊቷን የማውቀው መስሎኝ ነበር። እና ከድልድዩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሳሁና በጫንቃዬ ተሸከምኩ። በእኛ አገር የበደለ ሰው እንዲህ አድርጎ ነው ይቅርታ የሚለምነው፤ "ጣለው" ካልተባለ አይጥለውም።

ልጆቹ ይህን ከየት ያውቁታል? "አባባ፣ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ስፖርት ነው" አልኩ።

"ዋው!" አለ ዮናታን፤ አለና እሱም ከእኔ የሚበልጥ ድንጋይ ፈልጎ በትከሻው አደረገና ተከተለኝ። ያ ዝምተኛው ስልኩን ደግኖ ያነሳናል። እንግዲህ አስቡት፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ከፊት፣ ያ ጎረምሳ ጥርሱን እያሳየ ከኋላ፣ ድልድዩን ተሻግረን እህቴ ፊት ቆምን።

እታገኝ እኔን አየች። ዮናታንን አየች። በአማርኛ፣ ልጆቹ እንዲሰሙ ብላ "የአንተንስ አውቀዋለሁ፣ ይሄ ልጅ ደግሞ ምን በድሎኝ ነው?" አለች።

ሜሮን ገባት። አፏን በእጇ ያዘች። "ዮኒ፣ አስቀምጠው፣ አስቀምጠው!" አለችው። አስቀመጠው። እኔ ቆሜያለሁ።

"እታገኝ፣ ይቅር በይኝ" አልኩ።

"ትንሽ ድንጋይ ነው የመረጥከው" አለች።

"ጉልበቴ እሱን ነው የቻለው።"

"ዲከረንስ ስትተክል ጉልበትህ የት ነበረ?" አለችና ወደ ድንቿ አጎነበሰች። አንድ ቆፈረች፣ ሁለት ቆፈረች፣ ሦስተኛውን አፈሩን ጠረገችው። ጫንቃዬ ሊገነጠል ደረሰ። ሜሮን "እማማ፣ እባክዎ" ስትል ነው ቀና ያለችው። እንባዋ ከአፈሩ ጋር ፊቷ ላይ ጭቃ ሆኗል። ድንጋዩን በገዛ እጇ አወረደችልኝና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደብቁታል። ልጆቹም አለቀሱ፤ የዮናታን ለቅሶ ግን ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ መቼም ትከሻው ነው።

ታዲያ ምሕረቷ ያለ ውል አልሆነም። "ዲከረንሱን ትቆርጣለህ። ሰው የሚሾልክበት ያህል አይደለም፣ አራት ሰው ቃሬዛ ይዞ የሚያልፍበት ያህል። አባታችን በዚህ ነው ወደ ሚካኤል የወጣው፤ እኔም በባጃጅ ተጭኜ አልቀበርም" አለች።

ቆረጥኩ። ሁለት ዓመት ብቻ ያለው፣ ለከሰል ያልደረሰ ለጋ ዛፍ! ጎረቤቶቼ እብድ ነው አሉኝ። ስተክለው ግን ጎበዝ ብለውኝ ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው። ኅዳር ሚካኤል ዕለት እታገኝ ድልድዩን ተሻግራ መጣች። እጆቿን ዘርግታ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ለካችው፣ እና "ይጠባል" አለች። ደግሜ ቆረጥኩ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አብረን ዳገቱን ስንወጣ መሀል ላይ ድንጋዩ ላይ አረፍን፣ እና "መቼም በዚህ መንገድ በቃሬዛ መጀመሪያ የማልፍ እኔ ነኝ፣ ታላቅ ነኝ" አልኳት፣ ልተንኩሳት ብዬ።

"ምን ሲደረግ!" አለች። "መንገድ የዘጋ ሰው መጨረሻ ነው የሚያልፍበት። ሰውን ሁሉ አሳልፈህ፣ እኔንም በትከሻህ አሳልፈህ፣ ከዚያ በኋላ ተራህ ይደርሳል።"

አያችሁ ፍርዷን? ዕድሜ የመረቀችኝ ይመስላል። እርግማን ነው እንጂ ምርቃት አይደለም፤ እሷን ተሸክሜ ያንን ዳገት የምወጣበት ቀን አይምጣብኝ።

"ታዲያ እርስዎ ምን አሏት፣ አያ?" አልኳቸው እኔ፣ ይህን የምጽፈው መምህር።

"ምን እላለሁ? 'እሺ' አልኳት። እንዲያ ስል ግን በሆዴ ለሚካኤል ሌላ ነገር ነገርኩት። እሱን አትጽፈውም።"