የቆዳ ቫርኒሽ

ቀለም ቀቢው የአንድ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ቫርኒሽ እንዲቀቡ ሲጠሩ፣ የእህታቸው ልጅ እዚያው ፋርማሲስት ሆና መቀጠሯን አልሰሙም ነበር። ልጅቱ የነጭ ጋውኗን ቁልፍ እየቆለፈች ስትገባ፣ አጎቷ የተሰነጣጠቀ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው በቲነር ታጥበው የሚያደነዝዝ የሕመም ማስታገሻ ቅባት ሲለቀልቁ ደረሰችባቸው።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ? እጄን እያከምኩ ነዋ! ቲነሩ ቀለሙን ያስለቅቃል፣ ቅባቱ ቁርጥማቱን ያስተኛል። በቲነር ስታጠብማ እንዴት ፈጥኖ እንደሚሠራ ብታዪ!»

«የሚያስፈራውም መፍጠኑ ነው። ከተቀቡ በኋላ የሚሰማዎት ነገር የለም?»

አለ እንጂ። ባለፈው ሳምንት መሰላል ላይ ዞሮባቸው ለጥቂት ነው የተረፉት። ነገ የባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ግድግዳ ይጠብቃቸዋል፤ ሥራው ከእጃቸው እንዳይወጣ ስለ ፈሩ ለማንም አልተነፈሱም።

«ከንፈሬን ይደነዝዘኛል፤ ትንሽም ያዞረኛል» አሉ እየከበዳቸው። «እርጅና ነው።»

«እርጅና ከንፈር አያደነዝዝም። መድኃኒቱ ደምዎ ውስጥ እየገባ ነው።»

«ክንዴን ተቀብቼ ከንፈሬ ምን ቤት ነው?»

ልጅቱ በመጀመሪያ ቅባቱን በሳሙና አስታጠበቻቸው። ከዚያ ቫርኒሻቸው የደረቀ ሁለት ቁራጭ እንጨቶች አንሥታ፣ አንዱን በቲነር ፈትጋ ገፈፈችው፤ በሁለቱም ላይ ውሃ ጠብ አደረገች።

«የቱ ጠጣ?»

«የተገፈፈው ነዋ! ይሄን ለእኔ ትነግሪኛለሽ?»

«ቆዳም የራሱ ስብ አለው፤ ቫርኒሹ ያ ነው። ቲነርም ቤንዚንም ያሟሙታል። መድኃኒት ሠሪዎችም ቅባት እንዲዘልቅ የሚረዳ ፈሳሽ ይጨምራሉ፤ ግን ለክተው ነው። እርስዎ ሳይለኩ በሩን በርግደው ከፈቱት።»

«ታዲያ በምን ልታጠብ? በጸሎት?»

«በምግብ ዘይት አሽተው በሳሙና ይታጠቡ፤ ሲሠሩም ጓንት ያድርጉ። አሁን አብረን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። ነገም መሰላል አይወጡም።»

«ሥራውን ለሌላ ቢሰጡብኝስ?»

«ቢወድቁብንስ?»

አጎቷ የጠጣውን እንጨት አገላብጠው አዩት።

«አርባ ዓመት የሰው በር ስቀባ፣ የራሴን ስገፍፍ ኖሬያለሁ በዪኛ!» አሉና ኮታቸውን አነሡ።

ግድግዳው የትም አልሄደም። በሁለተኛው ሳምንት ሐኪሙ ሲፈቅድላቸው ቀለም ቀቢው ወጡበት፤ ከንፈራቸው አልደነዘዘም፣ የተሰነጣጠቀው ክንዳቸውም መግጠም ጀምሯል። ማታ ሲወርዱ አንድ የሥራ ጓደኛቸው እጁን ቲነር ውስጥ ሊነክር ሲያጎነብስ አዩ።

«ቆይማ፣ አንተ ሰው!» ብለው ከኪሳቸው ሁለት ቁራጭ እንጨቶች አወጡ።