ዲስኩን ያጸዱልን ሰው

ነይ ግቢ እህቴ፣ ወንበሩን ሳብ አድርገሽ ተቀመጪ። ያኛው እግሩ ይወዛወዛል፣ ይሄን ያዢ። በሰላም አደርሽ? የመጀመሪያ ቀን መቼም ይከብዳል። ይሄ የምትሰሚው ጩኸት የኮምፒውተሮቹ ማራገቢያ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላሽ ትለምጂዋለሽ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሰምቼው አሁን የሚያስደነግጠኝ ሲያቆም ነው። ሹራብ ግን ይዘሽ ነይ፣ ክፍሉ የተሠራው ለማሽኖቹ እንጂ ለኛ አይደለም።

በሩን? ተይው፣ አየር ይግባ። ከኮሪደሩ ማዶ ያለው የአለቃችን ቢሮ ብቻ ነው፣ የቢሮውም በር ክፍት ነው... ደግሞስ ምን ክፉ ነገር ላወራ ነው? ሥራ ላሳይሽ ነው እንጂ። ሳስተምርሽ አንድ የማውቃቸውን ሰው ምሳሌ አደርጋለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሲመሰገኑ ያፍራሉ። እዚህ የሉም ብለሽ አስቢ። በዕድሜ እኔ እበልጣቸዋለሁ፣ ግን ሥራቸውን ስትሰሚ አንቺም «አንተ» ለማለት አፍሽ አይደፍርም።

እንግዲህ እዚህ ክሊኒክ ኩላሊታቸው የደከመባቸው ሰዎች ደማቸውን በማሽን ይታጠባሉ። ሰባት አልጋ፣ አርባ ሦስት ታካሚ። ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው አልጋ... ይሄ ሁሉ ያለው እዚህ ሰርቨር ላይ ነው። ተራው ያለፈበት ሰው እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ስለዚህ የምንጠብቀው ዌብሳይት ብቻ እንዳይመስልሽ።

ባለፈው ዓመት ዲስኩ ሞላ። የትም ያጋጥማል። ያረጁ ጊዜያዊ ፋይሎችን የሚያጠፋ ጥቂት ትእዛዝ ያለው አጭር ስክሪፕት ትጽፊያለሽ፣ አለቀ። የማውቃቸው ሰው ግን መጻፍ አላስፈለጋቸውም፣ ኢንተርኔት ላይ አገኙ። እንዴት ያለ ዓይን ነው ያላቸው መሰለሽ... ከዚያ ሁሉ ስክሪፕት መሀል የሚጸዳው ፎልደር ስም ባዶ የተተወበትን መረጡ። ከጎኑ «ስሙን እዚህ ሙላ» የሚል ማስታወሻ ነበረው። መታዘዝ አይወዱም መሰለኝ፣ አልሞሉትም።

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። መጀመሪያ የሚያጠፋውን ትእዛዝ እናውጣና የፋይሎቹን ስም ብቻ ይዘርዝርልን፣ ዝርዝሩን አይተን እናጠፋለን አልኳቸው። ይሄንን ጻፊው። ከዛሬው ትምህርት ይሄን ብቻ ብትይዢ ይበቃሻል። እሳቸው በትዕግሥት ነው ያስረዱኝ። «አንቺ እኮ ፈሪ ነሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ድፍረት እንደሳቸው የተሰጠው ሰው የት ይገኛል? ሞልቷቸው ለሌላ ነገር የተረፈ ቦታ እንኳ የለም።

ማሽን ደግሞ የት ላጥፋ ብሎ አይጠይቅሽም። ካልነገርሽው የቆመበትን ያጠፋል። የቆመው የታካሚዎቹ ቀጠሮ ላይ ነበር... አራት ሰከንድ እንኳ አልሞላም። ግን ሐቁን መናገር አለብኝ፣ ዲስኩ ጸዳ። ያን ያህል ንጹሕ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ቦታ ማስለቀቅ ከሆነ የተፈለገው፣ ከሳቸው በላይ ማን አስለቀቀ?

ባክአፑስ፣ መጠባበቂያ ቅጂውስ ልትይ ነው። በየማለዳው «ባክአፕ ተሳክቷል» የሚል መልእክት በአረንጓዴ ቀለም ይደርሰን ነበር። ያንንም የጻፉልን እኚሁ ሰው ናቸው። ከፍተን ስናየው ፋይሉ ተቀዳም አልተቀዳ «ተሳክቷል» ብሎ ይጽፋል። ቁርጥ እሳቸውን። ለካ ዲስኩ ከሞላ ሰባት ሳምንት ሆኖት አንድም ፋይል አልተቀዳም። ሰባት ሳምንት ሙሉ ማንንም ሳያስጨንቁ... እንዲህ ለሰው የሚያስብ አይተሽ ታውቂያለሽ? አንቺ ግን በየወሩ አንዱን ባክአፕ አውጥተሽ ባዶ ማሽን ላይ መልሺው። ተመልሶ ካልሠራ ባክአፕ አለኝ ብለሽ እንዳትተኚ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነርሷ መጥታ የዛሬ ተራ የማን ነው አለችን። ስክሪኑ ባዶ ነው። ኮሪደሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው ተቀምጧል። ልክ ያኔ ለማውቃቸው ሰው ስልክ ተደወለላቸው፣ ሊያነጋግሩ ወደ ግቢው ወጡ። ረጅም ስልክ ነበር። በጣም የሚፈለግ ሰው እኮ እንዲህ ነው... በተፈለገበት ሰዓት አይገኝም።

እኔ ለታካሚዎቹ «ነገ ቀጠሮ አለዎት» የሚል መልእክት የምትልክ ሃያ መስመር ስክሪፕት ነበረችኝ፤ ያ ጥግ ላይ ያለው አሮጌ ማሽን ላይ ነው የምትሠራው። የላከችውን ሁሉ ትመዘግባለች፤ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ አልጋ። እኚሁ ሰው «ይቺን መጫወቻሽን አንሺልኝ» ካሉኝ ወር አልሞላም ነበር። እሺ እሺ ስል ሳላነሳት ቀረሁ። አለመታዘዝ መጥፎ ነው፣ እንዳትለምጂው። መዝገቧን ከፍቼ የየሰዉን ስም ከነቀጠሮው ለቅሞ የሚያወጣ አንድ ትእዛዝ ጻፍኩ። ነርሷ እያነበበች፣ እኔ እየሞላሁ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አርባ ሁለቱን መለስናቸው።

አንዷ ቀሩ። ስልክ የሌላቸው እናት ናቸው፤ መልእክት ተልኮላቸው ስለማያውቅ መዝገቡ ላይ የሉም። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። ስማቸውን የጠራ ስለሌለ ተራዬ አልደረሰም ብለው ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ሳገኛቸው እግራቸው አብጦ ጫማቸውን አውልቀውታል። «ልጄ፣ ዛሬ ሰው በዛባችሁ አይደል?» አሉኝ። ለኔ አዘኑልኝ እኮ። አልጋ እስኪለቀቅ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ትንፋሻቸውን እየቆጠርኩ። ማሽኑ ላይ ሲገቡ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ተረፉ፣ ተመስገን... እዚህ ላይ እንኳ ቀልዱ አይመጣልኝም።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። የማውቃቸው ሰው ተነሥተው፣ አስቀድመን ባዘጋጀነው ዘዴ መረጃውን መልሰናል አሉ። ትሕትናቸውን እዪልኝ፣ «አዘጋጀሁ» አላሉም፣ «አዘጋጀን» ነው ያሉት። ከዚያ የኔኑ ስክሪፕት ግድግዳው ላይ አሳዩ። አናቷ ላይ የሳቸው ስም ሰፍሯል፣ የኔ ወጥቷል። አላነበቧትም መሰለኝ ግን፣ መሀሏ ላይ ድሮ ስጽፋት ለቀልድ የተውኩት መስመር አለ፤ «እዚህ ድረስ ላነበበ ሰው ሻይ በኔ» ይላል። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡና፣ ሻዩ መቼ ነው ብለው ጠየቋቸው። «የምን ሻይ?» አሉ የማውቃቸው ሰው። እኔ ምን አልኩ? ትንሽ አሳለኝ።

ሥራ አስኪያጁም ከት ብለው ሳቁ፣ ጉዳዩ በዚያው አለፈ። ሹመቱ በወሩ መጣ። ምስክር ወረቀት፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ የራሳቸው ቢሮ... ቢሮው የት ነው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፣ ኮሪደሩ ጠባብ ነው። አሁን ደግሞ የክሊኒካችን የአምስቱም ቅርንጫፍ ታካሚዎች መዝገብ ተጠቃሎ በእጃቸው ሊገባ ነው። እኔም ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ቅርንጫፍ ተመድቤያለሁ፤ ደብዳቤው «ልምድ እንድትቀስም» ይላል። በዘጠኝ ዓመት ያልቀሰምኩትን እዚያ እቀስም ይሆናል። ማን ፈረመው? ጥሩ ፊርማ ነው፣ ያምራል።

ስለዚህ ነው የማጣድፍሽ እህቴ። ያቺን ስክሪፕት ላንቺ ትቻታለሁ። የእኚያን እናት የጎረቤት ስልክ አስገብቼባታለሁ፣ ደውለሽ አረጋግጪ። የይለፍ ቃሉን በጆሮሽ እነግርሻለሁ፣ በጆሮሽ ብቻ። አንሺ የሚልሽ ሰው ከመጣ እሺ በይ። እሺ ማለት ምን ይጎዳል?

እኔ ማንንም አልቀየምኩም። ወጥቼ ከመሄዴ በፊት ሰውዬውን ከልቤ ልመርቃቸው፣ አንቺም አሜን በይልኝ። ፈጣሪ ጤናና ዕድሜ ይስጣቸው። ቤታቸው ይሙቅ፣ ልጆቻቸው ይባረኩ። ስማቸውንም በሕይወት መዝገብ ላይ ይጻፍላቸው... መዝገቡንም ለሌላ ለማንም ሳይሰጥ፣ እሳቸው ራሳቸው ይጠብቁት።