የካፒቴኑ ባርኔጣና የበጋው ጎማ

የሰፈሩ ሰው «ካፒቴኑ» የሚላቸው አዛውንት ሾፌር መኪናቸውን ከጎሚስታው ደጅ አቁመው ወረዱ። ረፋዱ ገና ነው፤ አስፋልቱ ግን ከሙቀቱ የተነሳ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ካፒቴኑ መርከብ ነድተው አያውቁም፤ ስሙን ያወጣላቸው ከራሳቸው የማይለየው ነጭ ባርኔጣ ነው። በማግስቱ ጥላ የሌለውን ረጅሙን የሜዳ መንገድ አቋርጠው፣ አራስ ልጃቸውን ከነሕፃኗ ወደ ቤት ሊያመጡ አስበዋል።

«አራቱንም ትንሽ ትንሽ አስተንፍስልኝ» አሉት ጎሚስታውን። «በሙቀት አየር ያብጣል፤ ካልቀነሱለት ይፈነዳል።»

ጎሚስታው ሊያጎነብስ ሲል «አጎቴ፣ እባክዎ ይቆዩ» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ኮሌጅ ገብቶ ስለ መኪና የተማረው የእህታቸው ልጅ ነው፤ የብስክሌቱን ጎማ ሊያስነፋ መጥቶ ድንገት ተገናኙ።

«አንተ ደግሞ ከየት በቀልክ? ና ሳመኝ። ሳመኝና አትምከረኝ።»

ወጣቱ ሳማቸው። «የመጀመሪያውን ፈጽሜያለሁ፤ ሁለተኛው ግን ያቅተኛል። አጎቴ፣ ሽቦ ሲያጥፉ ሲዘረጉ፣ ሲያጥፉ ሲዘረጉ ምን ይሆናል?»

«ይግላል፤ ከዚያም ይበጠሳል።»

«አየር ያነሰው ጎማም ጎኑ እንዲሁ እየታጠፈ ነው የሚሄደው። ጎማውን በሙቀት የሚያፈነዳው አየር መቀነሱ ራሱ ነው። ልኩ በሾፌሩ በር ጥግ ተጽፏል፤ የሚለካውም ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ነው።»

ካፒቴኑ በዕድሜያቸው ብዙ ሽቦ እንዲያ አድርገው በጥሰዋል። ሽማግሌ ግን ወሬ አያጣም፤ ወደ ጎማው ጥርስ ጠቆሙ።

«እሺ፣ አየሩን ተውኩልህ። ጥርሱንስ አይተኸዋል? ጣት ይውጣል።»

«የበረዶ ጎማ ነው እኮ፤ በረዶ ለተነጠፈበት መንገድ የተሠራ።»

«ቢሆንስ? በበረዶ ያልከዳኝ በደረቅ መንገድ ይከዳኛል?»

«በበረዶ ላይ እውነትዎን ነው፤ ከእርሱ የሚሻል የለም። ላስቲኩን ለስላሳ ያደረጉት ብርድ እንዳያደርቀው ብለው ነው። በዚህ ሙቀት ግን ይልፈሰፈሳል። የሚወዛወዝ ጥርስ ደግሞ አይነክስም።»

ጎሚስታው ሳቁን ዋጠ። ካፒቴኑ ሳያስቡት የራሳቸውን ጥርስ በምላሳቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«መኪና የሚያቆመው እግሬ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ና፣ ላሳይህ።»

ከጎሚስታው ጀርባ ሰው የማይደርስበት ሰፊ የአስፋልት ግቢ አለ። ካፒቴኑ ፍሬን የሚይዙበትን ምሰሶ መረጡ፤ ከዚያ ሄደው «ከዚህ አላልፍም» ባሉበት ቦታ ባርኔጣቸውን አስቀመጡ። መኪናዋ መጣች፤ ምሰሶው ጋ ጮኸች፤ ባርኔጣውን ጨፍልቃ አልፋ ቆመች።

በክርክር የተሸነፈ ሰው ሌላ ክርክር ይፈልጋል። በዓይኑ ያየ ግን ወይ ይቆጣል፣ ወይ ይማራል። ካፒቴኑ ጥቂት ተቆጡ። ከዚያ የተጨፈለቀውን ባርኔጣ ቆመው ሲያዩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ነገ ሕፃን ነው የምጭነው» አሉ። «በል ምረጥልኝ።»

ወጣቱ ጎሚስታው ከደረደራቸው የበጋ ጎማዎች የሚያብረቀርቀውን አልመረጠም። በጎኑ የተጻፈው መጠን ከመኪናዋ ጋር መስማማቱን፣ ተሠርቶም ብዙ አለመቆየቱን አየ፤ ላስቲኩን በአውራ ጣቱ ተጫነው። «ይህ በሙቀት አይልፈሰፈስም። እነዚህ ረጃጅም ቦዮች ደግሞ ድንገት ለሚመጣ ዝናብ ናቸው፤ ውሃውን ያስወጡታል።» ጎሚስታው አራቱንም ቀይሮ ሲጨርስ ወጣቱ «አሁን ይሞክሩት» አለ።

«ቀስ በል፣ ኢንጂነር» አሉ ካፒቴኑ። «አዲስ ጎማ ቆዳው ሳይፈገፈግ አይዝም። መጀመሪያ በዝግታ ላዙረው።»

«እውነትዎን ነው፤ እኔ ዘንግቼው ነበር» አለ ወጣቱ፤ ካፒቴኑም ደስ ብሏቸው መንገድ ለመንገድ ዞረው ተመለሱ።

ባርኔጣው በቦታው ተቀመጠ። ፍጥነቱ ያው፣ ምሰሶው ያው፣ እግሩም ያው ነው። በዚህኛው ጊዜ ግን ካፒቴኑ ባርኔጣቸውን ለማንሳት ከመኪናው ወርደው ወደፊት መራመድ አስፈለጋቸው።

በማግስቱ ልጃቸውን ከነሕፃኗ ይዘው ሲመለሱ፣ በሜዳው መንገድ መካከል፣ ፍየል ከቁጥቋጦ ዘላ ከፊታቸው ገባች። መኪናዋ መስመሯን ሳትለቅ ቀጥ አለች። ፍየሏ ቆማ አየቻቸው፤ እንደ ባለመሬት ተንቀባርራ ተሻገረች። ከኋላ ሕፃኗ አንዴ አዛጋችና ተመልሳ ተኛች።

«አባባ፣ ባርኔጣውን ምን ነካው?» አለች ልጃቸው።

«ለሌላ የመጣውን ተቀበለልኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ከጎሚስታው ደጅ ሰባኪው ካፒቴኑ ሆነዋል። «ሙቀት መጣ ብላችሁ አየር አታስተንፍሱ። የበረዶውን ጎማ አውልቃችሁ ጥላ ውስጥ አኑሩት፤ በወቅቱ ወዳጅ ነው። በበጋ የበጋውን እሰሩ። ቶሎ ትቆማላችሁ፣ መሪው ይታዘዛችኋል፣ የበረዶ ጎማችሁም በጋለ አስፋልት በከንቱ አያልቅም።»

«ይህን ማን ነገረዎት?» የሚል ተጠራጣሪ አይጠፋም።

ካፒቴኑ እስከ ዛሬ ያላሳጠቡትን ባርኔጣ አውልቀው፣ የጎማው ጥርስ የታተመበትን ጎን ያሳዩታል። «የነገረኝ የእህቴ ልጅ ነው። ማኅተሙም ይኸውልህ።»