ስሙ የማይጠራ ጉዳት

ዳቦ ቤት በር ላይ ተሰልፌ ተራዬን ስጠብቅ ከኋላዬ «መምህር!» የሚል ጩኸት አስደነገጠኝ። ዞር ስል «ጋሼ ደህና» የምንላቸው ሰው ናቸው። እኒህ ሰው ዕድሜያቸውን በሙሉ የብረት በርና መስኮት ሲሠሩ የኖሩ የሠፈራችን አዛውንት ሲሆኑ፣ ቅጽል ስማቸውን ያተረፉት በገዛ አፋቸው ነው። በሩ ቢጣመም «ደህና ነው»፣ ብረት እጃቸውን ቢቆርጣቸው «ደህና ነው»፣ ጣሪያው ቢያፈስ «ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው» ይላሉ። ከእሳቸው አፍ «ተበላሸ» የሚል ቃል ሰማሁ የሚል ሰው ቢመጣ፣ ምሎ እንኳ ቢናገር አላምነውም።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?» አልኩ ጎንበስ ብዬ።

«ለመሆኑ ምራቴን ምን እያስተማርክብኝ ነው?» አሉ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ።

ምራታቸው ከሥራ በኋላ እንግሊዝኛ ከማስተምራቸው ሰዎች አንዷ ናት። አንድ የዕቃ መጋዘን ሊቀጥራት ስላሰበ፣ ተሰብሮና ረጥቦ የመጣውን ዕቃ በእንግሊዝኛ መናገር አለባት።

«ምነው ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ማታ እራት ላይ ‹ዳሜጅ፣ ዳሜጅ› ስትል አመሸች። ምን ማለት ነው ብላት ‹ጉዳት› አለችኝ። በዚህ ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሩ ያልካቸው አንተ ነህ አሉ። ጎርፉ መንገዱን ጎዳ፣ እሳቱ ቤቱን ጎዳ፣ ትላለች ከልጅ ልጄ ፊት! ኧረ እግዜር ያሳይህ፣ ሌላ ቃል ጠፋ? ‹ጤና› አይባልም? ‹ሰላም› አይባልም? ይሄ ትምህርት ሳይሆን ሟርት ነው!»

እኔ ቁጣዬ ቅርብ ነው። ያስተማርኩትን ሟርት ሲሉብኝ ደሜ ፈላ፤ ነገር ግን በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ስለሆኑ ምራቄን ዋጥ አድርጌ፣ ዳቦዬን ይዤ አብሬያቸው ወደ ቤታቸው አዘገምኩ።

«ጋሼ፣ ሐኪም የት ጋ ነው የሚያምዎ ሲልዎ ደህና ነኝ ይሉታል?»

«ሐኪም ቤት ረግጬ አላውቅም።»

በዚህ በኩል እንደማልረታቸው ስለገባኝ በሙያቸው መጣሁባቸው። «እሺ፣ የሠሩት በር ብየዳው ተሰንጥቆ ቢያገኙት ዝም ይላሉ?»

«ማ? እኔ? እንደ ገና እበይደዋለሁ እንጂ!»

«እንግዲያው ስንጥቅ መኖሩን አምነዋል።»

«ማመን ሌላ፣ መለፈፍ ሌላ። አይቼ እጠግናለሁ እንጂ እንደ አዋጅ ነጋሪ አልጮህም።»

«ብቻዎን የማይጠግኑት ቢሆንስ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?»

«ምን አልክ? የዛሬ ሰው ድምፁን እየዋጠ ነው የሚያወራው!» አሉና እጃቸውን አወናጨፉ።

እንዲህ እየተጨቃጨቅን ከደጃቸው ደረስን። የልጅ ልጃቸው፣ ገና አራት ዓመት የሆናት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። አያቷን ስታይ ፊቷ በራ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ከውጭ በሩ መቀርቀሪያ ጋር ሲታገሉ፣ በዚያች ቀጭን ድምጿ «አባባ!» አለች። መልስ የለም። ጠጋ ብላ «አባባ!» ብላ ደገመች። አሁንም ዝም። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሄደችና፣ ከቤት ብቅ ካለችው እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች።

«አባባ ዛሬም አኮረፈኝ» አለች።

ምራታቸው ዓይኗ እንባ አቅርሮ እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች። ከዚያ ፊት ለፊታቸው ቆመችና፣ «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከቤት ሥራዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርቶኛል» አለች። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አለችው፤ ቀጥላ በአማርኛ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። «የብረት መቁረጫው ጩኸት የአባቴን ጆሮ ጎድቶታል።»

«ጆሮዬ ደህና ነው!» አሉ ጋሼ ደህና።

«ደህና ከሆነ፣ ልጄ ስትጠራዎ ዝም የሚሏት ጠልተዋት ነው ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው ነው አባቴ?»

«መቼ ጠራችኝ?»

«አሁን። ትናንትም። ዕለት ዕለት ትጠራዎታለች። አቤት የማይሏት አጥፍታ እየመሰላት፣ ምን እንዳጠፋች እኔን ትጠይቀኛለች።»

አዛውንቱ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜም ዝግ ባለ ድምፅ ተናገሩ። «ድምፅ ከራቀኝ ሰነበተ። ይህን ብናገር አርጅቷል ብለው ሥራ ይከለክሉኛል ብዬ ፈራሁ። የእሷን ነገር ግን አላወቅኩም። በልጄ ሞት፣ አላወቅኩም።»

እውነቱን ለመናገር፣ በዳቦ ቤቱ በር የፈላው ደሜ እዚያው በረደ። ጉዳትን በስሙ ካልጠሩት ሰው ሌላ ስም ያወጣለታል። የጋሼን ዝምታ ደንበኞቻቸው ኩራት አሉት፣ ጎረቤት ንቀት አለው፣ ይህች ምስኪን ሕፃን ደግሞ ኩርፊያ አለችው። ከሦስቱም ስሞች ውስጥ መድኃኒት ያለው አንድም አልነበረም።

«ነይ እስቲ» አሏት። «አላኮረፍኩሽም። ምንም አላጠፋሽም። የአባባ ጆሮ ተጎድቶ ነው።»

«ያማል?»

ምራታቸው ጥያቄውን ጮክ ብላ ደገመችላቸው።

«አያምም። ትንሽ ድምፅ አይገባውም እንጂ።»

ልጅቷ መጣችና ጆሯቸውን ጎትታ ውስጡን መረመረች። ከዚያ አፏን እዚያው ደቅና ባላት ኃይል ሁሉ «አባባ!» አለች።

«አቤት!» አሉ።

በሳምንቱ ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ የሄደው የመስማት ኃይል እንደማይመለስ፣ የቀረው ግን ከተጠነቀቁለት እንደሚተርፍ ነገራቸው። ዛሬ በሥራ ቦታቸው የጆሮ መከላከያ ያላደረገ ሠራተኛ መቁረጫውን አይነካም። ደንበኞቻቸውም ፊት ለፊት ቆመው ስለሚያነጋግሯቸው የበሩ ልክ አይሳሳትም፤ ሥራ የከለከላቸውም የለም። ምራታቸው መጋዘኑ ገብታለች፤ የተሰበረውን ተሰብሯል ስትል አትሳቀቅም። ሠፈሩ አሁንም ጋሼ ደህና ይላቸዋል፤ እንዴት ነዎት ሲሏቸው ግን፣ «ደህና ነኝ፣ ጆሮዬ ተጎድቷልና ጮክ በል!» ይላሉ።

ትናንት ዳቦ ቤት ተሰልፈን ሳለ ልጅቷ ኮታቸውን ሳብ አደረገች። ጎንበስ አሉላት።

«አባባ!»

«አቤት የኔ እናት!»

ዝም ብላ ሳቀች። ጥቂት ቆይታ እንደ ገና ኮታቸውን ሳበች። ምን ፈልጋ ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ምንም። አቤት ስላት ለመስማት ነው» አሉኝ፤ ይህን ብለውም ጎንበስ አሉላት።