የሚያከሳው ሚዛን

አምስት ኩንታል ነው ያልኸኝ፣ አያ ቢያዝን? ሸጋ ነው። አምስት ኩንታል ነጭ ጤፍ፣ ስምንት አህያ፣ ከቆላ ድባ እስከ ጎንደር ገበያ የአንድ ቀን አቧራ... እንኳን ለጾሙ በሰላም አደረሰህ። ከብቱ ደኅና? ባለቤትህ አበቡ ደኅና ናት? እግዚአብሔር ይመስገን። ና፣ እዚህ የጨው ጆንያው ላይ ተቀመጥ። አህዮቹን ወደ ጥላው አስጠጋቸው፤ ጭነቱን ግን ገና አታውርድ፣ ለአንድ ጨዋታ ያህል ይታገሡሃል። ሽምብራ ቆሎ ቅመስ። ጾም ነው ብሎ ቆሎ የሚፈራ ሰው አላየሁም።

ወዴት ልታራግፍ ነው? ከማዶ? እንደ ዓምናው? መልካም። እኔ ምን ቸገረኝ? ጨውና ማረሻ ነው የምሸጠው፤ ጤፍ አልገዛ፣ ጤፍ አልሸጥ። ከማዶው ጤፍ ነጋዴ፣ ከጌታው ጋር አሥራ አንድ ዓመት በር ለበር ስንተያይ ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቶበት አያውቅም፤ ዛሬም አይወጣም። ይልቅ ስለ ጤናው ላጫውትህ፣ ደስ ይልሃል።

ቀስ ብለህ ዙርና እይ... እንደሱ አይደለም፣ ቀስ ብለህ! አየኸው? ከሚዛኑ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጠው። ብስክሌቱስ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ታየህ? ከስቷል አይደል? ምነው ሳቅህ? እኔ አልሳቅሁም። አሥራ ስድስት ኪሎ ከስቷል። ይኸው መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ በእጃቸው የጻፉት ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው። የመሪጌታን ጽሕፈት አላምንም ልትል ነው?

ነገሩ የተጀመረው ሐኪም ቤት ነው። ደረቴን አፈነኝ ብሎ ሄደ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ወዲያ ሲል ወዲህ ሲል ቆየና፣ «ልብህን ሞራ ውጦታል፤ ካልከሳህ ዕድሜህ አጭር ነው» አለው። እንግዲህ ገበያው ሁሉ አዘነ... ግን ደስም አለው። አንዳንድ ምቀኛ ስለ ልቡ ነገር ይጠራጠር ነበርና መኖሩ በሐኪም ተረጋገጠ።

ከዚያ በጥምቀት ቀሐ ወንዝ ወረድን። ታቦቱ ሲነሣ ሰው ሁሉ ብድግ አለ፤ እሱ ሣሩ ላይ ቀረ። ሦስት ሰው አነሣው፣ አራተኛው ጋቢውን ያዘለት። ያፈረ መሰለኝ፣ እዚያው ቆሞ፣ «እስከ ቅበላ አሥራ አምስት ኪሎ ካልቀነስሁ ሰው አይደለሁም!» አለ። እኔ ደግሞ ምላሴ አላርፍ አለኝና፣ «ከቀነስህ አንድ ሙክት ከእኔ» አልሁ። «ካልቀነስሁ ሁለት ሙክት ከእኔ!» አለ። ለጋስ ነው። በቃል ጊዜ እጁ ታጥፎ አያውቅም።

በማግስቱ መሪጌታን ዳኛ አድርገን የሐዲስ ወፍጮ ቤት ሄድን። የሐዲስን ሚዛን ታውቀዋለህ፤ ሐዲስ ራሱ ነጭናጫ ነው፣ ሚዛኑ ግን ዘመድ አያውቅም። ጌታው ወጣ፤ መቶ አራት ኪሎ። እኔም ለጨዋታ ወጣሁ፤ ሃምሳ ሁለት። «አያ እንኳየሁ፣ ልክ ግማሼ ነህ!» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ በሂሳብ ሰው አይታማም። መሪጌታ ሁለቱንም ጻፉ።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ቆረጠ። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ብስክሌት በሁለት በሬ ዋጋ ገዛ። ጀግንነቱን ብታይ! ጠዋት ጠዋት ከፒያሳ ወደ አዘዞ ይለቀዋል። መንገዱን ታውቀው የለ? ቁልቁለት ነው። እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ጋቢው እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ፣ የጎንደር ውሻ ሁሉ ከኋላው... አዘዞ ሲደርስ ላብ በላብ ነው። ከድካም ይሁን ከፍርሃት ብስክሌቱ ይመስክር። ሲመለስስ ትለኛለህ? ሲመለስማ ዳገት ነው። ዳገት ለልብ ደግ አይደለም ብሎ ራሱ ፈረደ። ሲወርድ ብስክሌቱ እሱን ተሸከመው፤ ሲመለስ የጭነት ማኪና ሁለቱንም ተሸከማቸው። አየህ፣ ብልህ ሰው ድካሙን ሁሉ ለቁልቁለት ያስቀምጣል።

ታዲያ ለደከመ ዋጋው አይገባውም? አዘዞ በደረሰ ቁጥር፣ «ደረስሁ፣ ይገባኛል» ይልና ራሱን ይሸልማል። ግማሽ ኪሎ ጥብስ። ሌላው ሰው ሲሠራ ሌላ ሰው እስኪሸልመው ይጠብቃል፤ እሱ ሸላሚም ተሸላሚም ሆኖ ሰው ሳያስቸግር ጨረሰው። እኔ መቼም ካልቆጠርሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከጥምቀት እስከ ቅበላ አርባ ቀን ነበር። ረቡዕና ዓርብ አሥራ አንድ፣ የነነዌ ሰኞና ማክሰኞ ሁለት... ጾሙን አይሽርም፣ አትማው። ቀረ ሃያ ሰባት ቀን። በግማሽ ግማሽ ኪሎ አሥራ ሦስት ኪሎ ተኩል ሥጋ። ይኼ እንግዲህ የገባው ነው። የወጣውን እኔ ሐኪም አይደለሁ፣ በምን አውቃለሁ?

ቀበቶው ብቻ ነው ነገር ያበላሸው። በጥምቀት ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ነበር፤ በቅበላም ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ነው። ቀበቶ ምቀኛ ነው፣ የሰው ልፋት አያይም።

ባለፈው ቅዳሜ ቀኑ ደረሰ። የቅበላው ዋዜማ ነበርና ገበያው ጢም ብሏል፤ እዚያ በሩ ላይ ገበሬው ከነአህያው ተሰልፏል። መሪጌታ ወረቀታቸውን ይዘው መጡና፣ «እንግዲህ ወደ ሐዲስ ወፍጮ ቤት እንሂድ» አሉ።

«ምነው መሪጌታ?» አላቸው ጌታው። «ሐዲስ ዘንድ ምን ያስኬደናል? የኔ ሚዛን ምን ሆነ? አገር ያመነው ሚዛን!» ወደ ገበሬው ዞረና፣ «እስቲ እናንተ መስክሩ፣ በዚሁ አይደለም ጤፋችሁን የምገዛው?»

«በዚሁ ነው!» አሉ።

መሪጌታ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ተወራራጁ ምን ይላል?»

እኔ ምን እላለሁ? «አገር ካመነው እኔ ማን ነኝ?» አልሁ። ሙክቴ በዚያች ቃል ሄደ። ሲሄድ እያየሁት ነው የሄደው፣ አያ ቢያዝን። ሰው የሚጨክንበት ቀን አለ፣ የሚሰጥበትም ቀን አለ።

ወጣ። ሰማንያ ስምንት!

እልልታውን ብትሰማው! መቶ አራት የነበረ ሰው ሰማንያ ስምንት። ከቃሉም በላይ አንድ ኪሎ ጨመረ። ልግስናው በዚህ ይታወቃል። «አያ እንኳየሁ፣ ሙክቴን!» አለኝ፣ ላቡን እየጠረገ። «ሙክትህ ይመጣል፤ እስቲ እኔም ልውጣና ሐዘኑ ስንት ኪሎ እንደ ቀነሰኝ ልየው» አልሁት። ወጣሁ።

አርባ አራት።

ጸጋውን አየህልኝ? ብስክሌት በእጄ አልነካሁ፤ እንዲያውም ሰሞኑን ቅበላ ነበርና ከአንዱ ልጄ ቤት ወደ ሌላው እየበላሁ ስዞር ነው የሰነበትሁት። ስምንት ኪሎ ከላዬ ረገፈ! እሱ አሥራ ስድስት፣ እኔ ስምንት። ልክ ግማሼ ነህ ብሎኝ የለ? ቃሉ በሁሉም ነገር እውነት ሆነ።

ይኼን ጊዜ ጠላ ሻጯ ሐረገወይን እየተንደረደረች መጣች። «ጌታዬ፣ በሞቴ አንድ ጊዜ ልውጣበት! ሦስት የወለድሁበት ሆዴ ይጥፋልኝ!» ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አንድ የጭልጋ ገበሬ ብቻ አልሳቀም። ስልቻው ላይ እጁን ጭኖ ቆሞ ነበር። «የኔስ ጤፍ?» አለ ቀስ ብሎ። «የኔ ጤፍ ብስክሌት ነድቶ ያውቃል?»

ሳቁ ተቆረጠ። ጌታው ከመቀመጫው ተነሣ... ብቻውን ተነሣ፣ ይኼንንስ ብስክሌቱ ጠቅሞታል... «በቃ! ሚዛኑ ደክሟል!» ብሎ ጆንያ አለበሰው።

እውነቱን ነው እኮ። ሚዛን አይደክምም ያለው ማን ነው? ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ሁሉ ኩንታል... እኔማ ገበሬዎቹን ተቆጣሁ። «ሰው አትጠርጥሩ!» አልኋቸው። «ጠበል ገብቶ የሚድን አለ፤ ሚዛን ላይ ወጥቶ የሚከሳ ቢኖር ምን ይገርማል?» አንዳንዱ ግን አህያውን ቀስ እያለ ማዞር ጀመረ። ችኩሎች!

ብላ እንጂ ቆሎውን። ምነው እጅህ ቆመ?

እኔ እንደምታውቀው በአንዲት አህያ ከአዲ አርቃይ ጨው እያመላለስሁ ነው እዚህ የደረስሁት። ጨው ዝናብ ሲመታው ይቀልጣል፤ ጎድሎ ስታገኘው ሰማዩን ታማለህ፣ ነገሩ ያልቃል። ጤፍ ግን... ጤፍ በምን ይቀልጣል፣ አያ ቢያዝን? አንተ ገበሬ ነህ፣ እስቲ አስተምረኝ።

ዓምና በቁና ሰፍረህ፣ አምስት ኩንታል አስልተህ ነበር የመጣኸው። ከማዶ ሲመዘን ስንት ወጣ ነበር ያልኸኝ? አራት ኩንታል ከሃያ ሦስት ኪሎ። እዚሁ ጆንያ ላይ ተቀምጠህ ነው የነገርኸኝ፤ የሰማሁት ቁጥር አይጠፋኝም። ሰባ ሰባት ኪሎ ጎደለህ። መጀመሪያ አይጥ ነው አልህና ድመት ገዛህ። ቀጥሎ ስልቻው አፍስሶ ነው አልህና ስልቻውን ሁሉ እንደገና አሰፋህ። ከዚያ... ከዚያ አበቡን፣ «ለእናትሽ ቤት ሰርቀሽ ነው» አልሃት። ሁለት ወር እናቷ ቤት ከረመች። በሽማግሌ ስንመልሳት አንዱ ሽማግሌ እኔ አልነበርሁም? «በመድኃኔ ዓለም፣ ከጎተራው አንዲት ቁና አልነካሁም» ስትል ዓይኗን አየሁት። አየሁትና እኔም በልቤ ተጠራጠርኋት። ይቅር ይበለኝ።

ይኼ ከጌታው ጤና ጋር የሚገናኝ ነገር አይደለም፤ ሽማግሌ ሲያወራ ከመንገድ ይወጣል። እንዲያው ሂሳብ ስለምወድ ነው። ከመቶ አራት ኪሎ አሥራ ስድስት ከቀነሰ፣ ከሃምሳ ሁለት ስምንት ከቀነሰ፣ ከአምስት መቶ ኪሎ ስንት ይቀንሳል? በሽምብራ ቆሎው እየቆጠርህ አስላው፤ ጊዜ አለን... አዎ። ሰባ ሰባት። እሱም የሽምብራ ስንጥቅ ታህል ይጎድለዋል። ሚዛን ማለት እንዲህ ነው! ለሀብታሙም ለኔም ላንተም ስልቻ አንድ ነው፤ አያዳላም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ያሉት የጥንት ሰዎች ሚዛን ስላላዩ ነው። ሲመዝን ያልበላ ሲመዘን ይቆጨዋል... ነው እንዴ የሚባለው? ተረቱ ጠፍቶብኛል።

በል እንግዲህ፣ አህዮችህ ቆመዋል፣ እንቁጠረውና ተነሥ። ጌታው ምን አተረፈ? የኔን ሙክት በላ፤ ሙክቱ ሰብቶ ነበር፣ ሁለት ቀን ጠገበበት። በወረቀት ላይ አሥራ ስድስት ኪሎ ጣለ። ምን ከሰረ? ባለፈው ቅዳሜ በማለዳ በሩ ላይ ሠላሳ አንድ አህያ ቆጥሬ ነበር። ዛሬ አራት ናቸው፤ አንዷ የራሱ ናት። እኔ አንድ ሙክት ከሰርሁ፤ ለሰው ጤና የወጣ ነውና አይቆጨኝም። አበቡ ሁለት ወር ከሰረች፤ እሱን የሚመልስ ሚዛን የሐዲስም ቤት የለም። አንተ ግን ለፋሲካ አንድ ሸጋ ቀሚስ ግዛላት፤ ስትሰጣት ምክንያቱን አፍህን ሞልተህ ንገራት። አንተስ? የዓምናው ሰባ ሰባት ኪሎ ሄዷል። የዘንድሮው አምስት ኩንታል ግን ገና አህያ ላይ ነው። ከማዶ ብትወስደው አልከለክልህም፣ የሰው ገበያ አልዘጋም። በመንገድህ ሐዲስ ዘንድ ጎራ ብትል ግን... ማስመዘን በነጻ ነው።

ኧረ እጁን እያወዛወዘ ነው፤ ይጠራሃል። አጸፋውን ስጥ እንጂ፣ ሰላምታ አይከለከልም! እስቲ ተነሥና አብረን እንመርቀው፤ ጾም ላይ ነን፣ ምርቃት ይደርሳል።

ዕድሜውን ያርዝመው። ልቡን ከሞራ ያውጣው። ቁልቁለቱን አያሳጣው። ያቺ የማትቀር ቀን ስትመጣ፣ መላእክት ሥራውን ሊመዝኑ ሲቀርቡ፣ በባዕድ ሚዛን አያንገላቱት። ይኼን አገር ያመነውን የገዛ ሚዛኑን ያውጡለት፤ ጽድቁን ሁሉ፣ አንዲት ሳትቀር፣ በሱ ይመዝኑለት።

አሜን በል እንጂ፣ አያ ቢያዝን... ጮክ በል፤ ከማዶ አልተሰማም።